ከሦስት ቃል አይበልጥ

ሐይቅ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ለእህቴ ለኢንሳፍ ባድሩ፣ አዲስ አበባ

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ፣ ስራው እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ነው እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ቢያድግልኝ ባለፈው አይቶሽ "እህትህ ወፍራለች" ብሎኛል። ከወፈርሽ ደህና ነሽ ማለት ነው። እኔም አልሃምዱሊላህ ነኝ። እማም ደህና ናት፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ። እሱ ደግሞ የድሮ ነው፣ ወሬ አይባልም።

ለስድብሽ አመሰግናለሁ። ለሙከራ የሞላሁልሽ ወረቀት ላይ "ሰብሳቢ" በሚለው ቦታ "ኡበይድ ባድሩ፣ የሐይቁ አንበሳ" ብዬ ብጽፍ ምን ነውር አለው? ያ ኬንያ ሆኖ መዝገባችንን የሚያነበው ሰውዬ ታዲያ በምን ሊያውቀኝ ነው? ዳታቤዙን የዓለም ሰው በጋራ እየከፈተ ያየዋል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የየአገሩ አሳ፣ በአሳው ሆድ ያለው ትል፣ የት ተገኘ፣ መቼ ተገኘ፣ ማን አገኘው። ማን አገኘው የሚለው ላይ እኔ አለሁ! ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ የዓለም መዝገብ ላይ የወጣ ሌላ የሐይቅ ልጅ ካለ አምጪልኝ። "አንበሳ" የሚለውን እንደምታጠፊው አውቃለሁ። አጥፊው። ስሜን ግን እንዳትነኪ።

"አስተያየት" የሚለው ቦታ ደግሞ ከሦስት ቃል አይበልጥ ብለሻል። ሁሉም እንደየቤቱ ስለሚጽፍ ያንቺ ስራ የሁሉንም አጻጻፍ አንድ መልክ ማስያዝ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ሦስት ቃል! እኔ ሰው ሰላም ለማለት እንኳን ሦስት ቃል አይበቃኝም። እሺ ይሁን። ትል አለው፣ ትል የለውም። በቃ።

ጥገኛ የሚባለው ትሉ ነው፣ አስተናጋጅ የሚባለው አሳው ነው ያልሽውን ለዝናው አስረዳሁት። ዝናውን አትረሺውም፣ የጥሩሰው ልጅ፣ ጀልባዋን አብሮኝ የያዘው። "አሳው አስተናጋጅ ከሆነ ጉርሻውን ማን ነው የሚወስደው?" አለኝ። ሳቃችን ገዳሙ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ዋናውን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት። ስልክ ገዛሁ! አዲስ አይደለም፣ ግን አዲስ ይመስላል። ስልክ ከያዝክ ለምን ትጽፋለህ እንዳትዪኝ፣ ኔትወርኩ ዛሬ ካለ ነገ የለም። ለቀን ግን ንጉሥ ነው። ትሉን አልኮል ውስጥ በማስቀምጥበት በየጠርሙሱ ወረቀት ላይ ቀኑን የምጽፈው ከስልኬ እያየሁ ነው፣ እንደ ፈረንጅ። እዚህ ዳር እንደዛ የሚጽፍ አንድ ሰው የለም። ቀኑን እና ወሩን፣ በቁጥር። ዓመቱን ምን ያደርግልሻል? ዓመት የጠፋበት ሰው አለ እንዴ?

ጠርሙሶቹን ቢያድግልኝ አልጭንም ብሏል፣ አልኮሉ ይሸታል አለ። የመስሪያ ቤትሽ መኪና እስኪመጣ አልጋዬ ስር ይጠራቀሙ። እማ አይታ "ቤቴ ውስጥ ሐራም!" ብላ ልትወረውራቸው ነበር። "የሚጠጣ አይደለም፣ ትል ነው ያለበት" ብዬ ከፍቼ አሳየኋት። ባሰ።

ወንድምሽ ኡበይድ


ሐይቅ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017

ኢንሳፍዬ፣

አልተጣላሁሽም፣ አላገባሁም፣ አልታሰርኩም። ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ስለጠየቅሽኝ ነው። ስልኬ የማይነሳው ሐይቁ ስለበላው ነው። መረብ ስጎትት ከደረት ኪሴ ሾልኮ ውኃው ውስጥ ጥልቅ አለ። ተከትዬው ዘልዬ ገባሁ፣ ወላሂ ልይዘው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዝናው ከጀልባው ላይ ሆኖ "ተወው፣ አሳው፣ ቆሮሶው ራሱ ይደውልልሃል" ይላል። እሱ ምን አለበት፣ ስልክ አያስፈልገውም። ቀኑን በታቦት ነው የሚያውቀው። ዛሬ ማርያም ናት፣ ነገ እንዲህ ነው እያለ ጆሮዬን ሲበላኝ ይውላል።

ጾሙ እንዴት ነበር ላልሽው፣ እንዴት እንደነበር አላህ ያውቃል እኔም አውቃለሁ። የክርስቲያኑ ሁዳዴ ሲገባ የደሴም የወልድያም የሆቴል መኪና ዳር ድረስ መጣልን። አንድ አሳ ትል አለው ተብሎ አልተመለሰብንም። የከርሞው ደግሞ ይበልጣል። የዓመት ኑሯችንን የምናገኘው እኮ በዚያ ጾም ነው፣ ሌላው ወር ለወጥ ነው። ዝናው ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ የከርሞው ጾም ገቢ በልጁ ስም ተይዟል። እኔ ደግሞ ሁለት ስልክ እገዛለሁ፣ አንዱ ቢሰጥም አንዱ እንዲቀር።

ጠርሙሶቹ ደህና ናቸው። ስራዬን አላቆምኩም። አታስቢ፣ በእኔ ይሁንብሽ።

ኡበይድ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018

ለኢንሳፍ፣

መኪናው ጠርሙሶቹን ሳይሰብር በመድረሱ ደስ ብሎኛል። ዝናው ወንድ ልጅ ወለደ፣ ቢያድግልኝ ነግሮሽ ይሆናል። ጭንቅላቱ የአባቱን ነው፣ ምስኪን።

ያንን ነገር ሦስቴ መጠየቅሽ ግን አስከፍቶኛል። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ቀን በኛ ነው በፈረንጅ? አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ ከሆነ በግልጽ ንገረኝ፣ ቀናቸው ያልታወቀ ጠርሙሶች ይጣላሉ፣ ስምህም አብሮ ይቀራል ትያለሽ። ዓመት ሙሉ ትል ስለቅም ከርሜ ይጣላል? ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን?

መጀመሪያ ምን ብዬ ነው የጻፍኩልሽ? ከስልኬ እያየሁ እንደ ፈረንጅ እጽፋለሁ አላልኩም? እንግዲህ እንደዛው ነው። ከመጀመሪያው ጠርሙስ እስከ መጨረሻው። ሁሉም በፈረንጅ ነው። ወላሂ። አንድ ሰው አንዴ ከተናገረ በቃ ነው፣ እንደ ልጅ አታመላልሺኝ።

ስሜን በትክክል ጻፊው። ኡበይድ። ባድሩ።


አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 2018

ውድ ወንድሜ ኡበይድ፣

አሰላሙ አለይኩም። ስላስከፋሁህ አፉ በለኝ። ስራው እንደዚህ ነው፣ የሰው ቃል አይበቃውም፣ ሦስቴ ይጠየቃል። አንተ ግን በወላሂ ስለመለስክልኝ በቃኝ፣ የሁሉንም ጠርሙስ ቀን በፈረንጅ አድርጌ አስገባሁት። አሁን ዳታቤዙ ውስጥ የሐይቅ መዝገብ ከየትኛውም አገር ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይነበባል። አለቃዬ ሰው ሰብስቦ አሳይቶታል። ስምህ በየመስመሩ አለ፣ ያለ አንበሳው።

ሌላም የምስራች አለኝ። የአሳ ጉዳይ የያዘው ቢሮ መዝገቡን ወስዶታል። ትል የሚበዛበትን ወራት ለይቶ ለበላተኛው ጥንቃቄ ሊያደርግበት ነው አሉ። የሰበሰብከው ጥቅም ላይ ዋለ ማለት ነው።

እማን ሳምልኝ። ለዝናው ልጅ ልብስ ልኬያለሁ።

እህትህ ኢንሳፍ


ሐይቅ፣ የካቲት 12 ቀን 2018

ኢንሳፍ፣

ሰላምታ የለኝም። ረመዳን ገብቷል፣ ምላሴን እየያዝኩ ነው የምጽፈው።

ትናንት የማህበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሰላሀዲን ሁላችንንም ዳር ላይ ሰበሰበን። ከቢሮው አንድ ሰውዬ መጥቷል፣ ወረቀት ይዟል። ከየካቲት ሃያ ሁለት እስከ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ሐይቁ ዝግ ነው አለ። መረብ የነካ ይቀጣል። ለምን ቢሉት ማርች እና ኤፕሪል አሳው በትል የተሞላ ነው፣ ሕዝብ እንዲበላው አንፈቅድም አለ። ጾሙን በሙሉ! ገና መግባቱ እኮ ነው። "ማን ነው እንዲህ ያለው?" ብሎ ጋሽ ሰላሀዲን ጮኸበት። ሰውዬው ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አነበበ። ማርች አስራ ሁለት፣ ቆሮሶ፣ ትል በጣም አለው፣ ሰብሳቢ ኡበይድ ባድሩ። ማርች ሃያ፣ ሰብሳቢ ኡበይድ ባድሩ። ኤፕሪል አምስት፣ ሰብሳቢ ኡበይድ ባድሩ። ስሜ በአደባባይ መነበቡ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ነገር ነው። ተነበበልኝ። ዳሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሰው ሲበተን ዝናው ጀልባው ጋ ያዘኝ።

"አምና በጾሙ ትል የት አየን?" አለኝ።

"መዝገቡ እንደዛ ይላል፣ እኔ ምን ላድርግ?"

"መዝገቡ አይደለም፣ አንተ። ትሉን የሚያመጡት ወፎች፣ ሻላዎቹ፣ መጥተው አሳው የተበላሸው መቼ ነው? ህዳር አይደለም? ህዳር ሚካኤል ዕለት መረብ እየጎተትን 'ዛሬ ስንት ነው?' አላልከኝም?"

"ብልህስ?"

"አስራ ሁለት አልኩህ። አስራ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ብለህ ጻፍክ፣ አይቼሃለሁ፣ በእርሳስ። ሦስተኛው ወር ለኔ ህዳር ነው። ለእህትህ ማርች ነው። እኔ የነገርኩህን ታቦት ነው ፈረንጅ ያደረግኸው?"

"አትጩህብኝ" አልኩት።

"የልጄን ጾም ነው የዘጋኸው፣ ኡበይድ። ምን አድርግ ነው የምትለኝ፣ ልዘምር?"

እንዲህ አድርጎ ተናገረኝ፣ ያውም በሰው ፊት። እኔም ዝም አላልኩም፣ ያበላሸችው እህቴ ናት አልኩት። አንቺ ነሽና! አንቺ አይደለሽም አስተያየት ከሦስት ቃል አይበልጥ ያልሽኝ? "ትል በጣም አለው" ብዬ አቆምኩ። አራተኛዋን ቃል ብትፈቅጂልኝ "ህዳር" ብዬ እጨምርልሽ ነበር። ሻላዎቹ እንዴት እንደመጡ፣ ስንቱን አሳ ቀደን እንደጣልን፣ ሁሉንም እጽፍልሽ ነበር። መዝገብሽ እንዲያምርልሽ አፌን ለጎምሽው። አሁን አምሮልሻል?

አስተካክዪው። ዛሬውኑ። ማሽን ላይ ያለ ነገር አይደል፣ በጣትሽ ነክተሽ መልሺው።

ኡ.


አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 2018

ኡበይድ፣

ደብዳቤህን ቢያድግልኝ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነው ያነበብኩት። የሦስቱ ቃል ነገር እውነትህን ነው። ያን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስልክህ ሐይቅ እንደገባም ጽፈህልኝ ነበር፣ ስቄ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ከየት እንደምታመጣ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። መዝገቡ እንዲያልቅልኝ ቸኩዬ ስለነበር "ሁሉም" ያልከኝ ቃል ተመቸኝ።

ግን ወላሂ ብለህ ነበር። እሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

አሁን ስማኝ። በጣቴ ነክቼ የምመልሰው ነገር አይደለም። የቱ ጠርሙስ በኛ፣ የቱ በፈረንጅ እንደሆነ እኔ በግምት ብለውጠው ማንም አይቀበለኝም። የሚቀበሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰብሳቢው ራሱ "ቀኖቹ ተቀላቅለዋል" ብሎ ከፈረመ። ያን ጊዜ የሐይቅ መዝገብ በሙሉ ይነሳል። ስምህም ይነሳል። ቢሮው የተማመነበት ነገር ስለማይኖር ሐይቁን ይከፍታል፣ ቃል ገብተውልኛል። በቶሎ ከሆነ ከጾሙ ከግማሽ በላይ ይተርፋል።

ወረቀቱን አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ከታች ፈርመህ ለቢያድግልኝ ስጠው። አለቃዬ ስለኔ የሚለውን እኔ እችለዋለሁ።

ዝናው እንዴት ሆነ? ስለሱ ምንም አልነገርከኝም። ልጁስ?

ኢንሳፍ


ሐይቅ፣ መጋቢት 10 ቀን 2018

ለኢንሳፍ፣

ነገ ዒድ ነው፣ እንኳን አደረሰሽ። እማ ደህና ናት። ለምን እንደማልወጣ ትጠይቀኛለች፣ ጾም ደክሞኝ ነው እላታለሁ። ነገ ምን እንደምላት እንጃ።

ወረቀቱ ደብዳቤው ውስጥ አልነበረም፣ አልደረሰኝም ብዬ ነበር ለቢያድግልኝ የነገርኩት። ደርሶኛል። ሁለተኛ የላክሽውም ደርሶኛል። ሦስተኛ እንዳትልኪ።

ፈርም ማለት ላንቺ ቀላል ነው። እዚህ ያለውን አታውቂውም። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ወሬ ይቆማል። ጋሽ ሰላሀዲን ሰላምታዬን አይመልስም፣ በረመዳን እንኳን። አሁን "ሐይቁን ያዘጋው ኡበይድ" ይሉኛል። ከፈረምኩ "ቀን የማያውቀው ኡበይድ" ሊሉኝ ነው። የመጀመሪያው ይሻለኛል። የሚፈራ ሰው እንጂ የሚሳቅበት ሰው አልሆንም። ደግሞ ያንቺ ሰዎች አንዴ ንጹሕ ነው ብለው የተቀበሉትን አሁን ቆሻሻ ነው ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ይተዉት። ጾም እንደሆነ ከርሞም ይመጣል።

ዝናው ደህና ነው። ስለጠየቅሽኝ ነው።

አያናግረኝም እንጂ ደህና ነው። መረቡን ሸጧል። ጀልባዋ ዳር ተገልብጣ ተኝታለች፣ የሱ ወገን ይሁን የኔ ወገን ማንም አይነካትም። ትናንት ገበያ ላይ የባቲን መንገድ ከሚያውቅ አንድ ደላላ ጋር ቆሞ አየሁት። ባቲ ዘመድ ያለው ይሆናል። ከባቲ ወዲያ ያለውን መንገድ፣ ጅቡቲን፣ ባሕሩን፣ እኔ ምንም አልሰማሁም፣ አልጠየቅሁትምም። ሚስቱ ልጁን አዝላ ከኋላው ቆማ ነበር። አንቺ የላክሽውን ልብስ ለብሷል፣ ትንሽ ሰፍቶታል።

ልሄድና "ፈርሜያለሁ፣ ሰኞ ሐይቁ ይከፈታል" ልለው ፈልጌ ነበር። እግሬ እስከ በርበሬ ተራው ወሰደኝ። ከዚያ አየኝና ፊቱን አዞረ። እኔስ ፊት የለኝም? እኔም አዞርኩ።

ወረቀትሽ ትራሴ ስር አለ። ይኑር።

ኡበይድ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2018

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 በኛ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2026 በፈረንጅ

ቦታ፦ ሐይቅ፣ ከገዳሙ ማዶ፣ የባቲ መኪና እየጠበቅኩ

አስተናጋጅ፦ ቆሮሶ

ጥገኛ፦ የለም

የተያያዘ ወረቀት፦ አንድ፣ የተፈረመ

ሰብሳቢ፦ ይሰረዝ

አስተያየት፦ ዝናው ሄዷል። ተከተልኩት።